ታቹን ሳታይ የማትገዛው ኡምሀኒ

ቡሬ ገበያ በርበሬ የሚያወርድ ሁሉ ኡምሀኒን ያውቃታል። ጆንያ ሲፈታላት ላዩን አታይም፤ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ትሰድና የታችኛውን ዘግና ታወጣለች። ላዩን አሳምሮ ከሥር የሻገተ የከተተ ሰው ገና ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። «ታቹን ሳላይ አልገዛም» ትላለች። በዚህ ጠባይዋ ስንቱን አስቀይማለች፤ ከስራ ግን አታውቅም።

እንዲህ ያለችው ሴት አንድ ልጇ ፊት እንደ ቅቤ ትቀልጥ ነበር። የስድስት ዓመቷ ራጂያ ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ደም ወደ ሳንባ የሚሄድበት መንገድም ጠባብ ነው። ካለቀሰች ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ቁጢጥ ብላ ትቀራለች። ስለዚህ ራጂያ እንዳታለቅስ ገበያው በሙሉ የተማማለ ይመስል ነበር። ከረሜላ ስትል ከረሜላ፣ ሚዛን ስትል ሚዛን። ሚዛኑ አጠገባቸው ሽንኩርት የምትሸጠው የገላነሽ ነው። «ይቺ ልጅ እኮ ነገሠችብን!» እያለች ሥራዋን ፈትታ ትሰጣታለች።

አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ካሉ ቆይተዋል። ኡምሀኒ ግን አንድ ጊዜ ከሆስፒታሉ በር ልጇን አዝላ ተመልሳለች። ሰው ፈሪ አላት። ሰው መቼም ዳር ቆሞ መጀገን አያቅተውም! እውነትም ፈርታ ነበር፤ ያላየችውን ነገር አምና የልጇን ደረት እንዴት ታስከፍት? ዘንድሮ ግን ራጂያ ከቤት እስከ ገበያ መራመድ አቃታትና እንደገና ሄዱ።

ዶክተር ምስክር የምትባለው ሐኪም የልጅቷን ልብ ምስል ኮምፒውተር ላይ አሳየቻት።

«ይኸውልዎ፣ ቀዳዳው ይኼ ነው።»

«እኔ ጥላ ነው የሚታየኝ፣ ዶክተር። አይቀየሙኝና፣ እኔ እኮ እጄን ሳልሰድ በርበሬም አልገዛ።»

ዶክተሯ ሳቀች። ከጠረጴዛው ላይ ዓይንን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን ትልቅ መነጽር አነሣች። ከራጂያ የሲቲ ስካን ምስል የተሠራ ልብ በውስጡ ይታያል፤ ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናው ሳይደርስ እዚያ እየገቡ ከየት እንደሚጀምሩ፣ ቀዳዳውን ለመጣፍ ምን ያህል እራፊ እንደሚበቃ ይመክሩበታል።

«እንግዲያው ወደ ራጂያ ልብ ይግቡ» አለቻት።

ኡምሀኒ ጫማዋን አወለቀች።

«ኧረ ጫማዎን ያድርጉ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል!»

«የልጄ ልብ ውስጥ በጫማ ልግባ?»

መነጽሩን አጠለቁላት፣ መቆጣጠሪያውን አስጨበጧት። «ቢስሚላህ» ብላ ቀኝ እግሯን አስቀደመች። ልቡ እንደ ቤት ሰፍቶ ከበባት።

«አሳምማት ይሆን?» አለች በሹክሹክታ።

«ምስል ነው፤ አያማትም።»

ግድግዳውን በዝግታ እየዳበሰች ሄዳ ግድግዳ መኖር የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ደረሰች። እዚያ ቆመች። እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ሰደደች። እስከ ክርኗ ገባ፤ ከወዲያ በኩል ወጣ። ከመነጽሩ ሥር እንባዋ ወረደ። ልጄ ይኼን ይዛ ነው ስትስቅልኝ የኖረችው? አለች በልቧ።

«አየሁት» አለች ለዶክተሯ። «ዝጉላት።»

ዘጉላት። ራጂያ ቁስሏ ጠግጎ፣ ጉንጯ ሞልቶ ቡሬ ገባች፤ ገበያውም እልል አለ። የበርበሬው ወቅት ሲደርስ ልጅቷ እንደ ልማዷ የገላነሽን ሚዛን አንሥታ ልትሮጥ ስትል ኡምሀኒ ከእጇ ወሰደችባት።

«አይሆንም። የሰው መሥሪያ ነው።»

ራጂያ ይህን ቃል ሰምታው አታውቅም። መጀመሪያ እናቷን አፍጥጣ አየቻት፤ ከዚያ መሬት ላይ ተንከባልላ ጩኸቱን አቀለጠችው። ገላነሽ ሚዛኗን ነጥቃ ወደ ልጅቷ ሮጠች።

«ኧረ ስጫት! ምን ነካሽ አንቺ ሴት?»

«ተይ፣ ገላነሽ። ከንፈሯን እይ።»

ገላነሽ ጎንበስ ብላ አየች። እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ኡምሀኒ ጆንያዋ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች፤ ልጇ አልቅሳ እስኪወጣላት ድረስ ፈገግ ብላ አዳመጠቻት።