አካይቲ መቀስ ያነሳች ቀን

አይቱታኪ ደሴት ላይ አካይቲ የምትባል ሴት ነበረች፤ መርፌ ከያዘች ክሩ ራሱ የሚታዘዝላት። አንድ አመል ግን ነበረባት። ነገር በተበላሸ ቁጥር ጥፋቱን ዞር ብላ ራሷ ላይ ታገኘዋለች። ልብስ አጥባ ዝናብ ከመጣ፣ እሷ ስላጠበች ነው። ባሏ ዓሣ አጥቶ ከተመለሰ፣ ጠዋት የእሷን ፊት አይቶ ስለወጣ ነው። ሰው ሰላም ሳይላት ካለፈ፣ ምን አጠፋሁ እያለች ትውላለች፤ ሆዷ ይባባል፣ እህል አይወርድላትም። ማንም ሳይነካት ተበድላ የምታድር ሴት ነበረች።

የጀመራት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቲቫይቫይ ለሚባለው በእጅ የሚሰፋ ያጌጠ የአልጋ ልብስ ባለ ቀለሙ ጨርቅ አራት ቦታ ይታጠፍና ምንም ሳይሣልበት በመቀስ ይቆረጣል፤ ሲዘረጋ አበባው በአራቱም ማዕዘን እኩል ይወጣና ነጩ ጨርቅ ላይ ይሰፋል። ሁሉም ሴት ትሰፋለች፤ የምትቆርጥ ግን በመንደር አንዲት ብትገኝ ነው። አንድ ቀን መቀሱን ለአካይቲ ሰጧት። ሰው ሲያያት ደንግጣ በእጥፋቱ በኩል ዳር እስከ ዳር ቆረጠችው፤ ሲዘረጋ አራት ቁራጭ ሆኖ ወደቀ። አክስቷ፣ በሉ የአራት ሕፃን ሽንት ጨርቅ ተገኘ አለች፤ ሴቶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እነሱ በማግስቱ ረሱት። እሷ ሃያ ስድስት ዓመት ተሸከመችው።

ኋላ ልጇ ሜሬአና ልትዳር ሆነ። እናቷ ትከሻዋ ላይ ቲቫይቫይ ያልጣለችባት ሙሽራ ደግሞ እንደ ሙት ልጅ ነው የምትታየው። ለሠርጉ ሰባት ሳምንት ሲቀር ቀይ ጨርቅ በመርከብ መጣ። ያኔ እንደ ዛሬው በአውሮፕላን ማስመጣት የለም፤ ያ ጨርቅ ከተበላሸ ሌላ መርከብ እስኪመጣ ሠርጉ ያልፋል። አካይቲ ጨርቁን ይዛ ወደ መንደሩ ቆራጭ ወደ ማማ ቱንጋኔ ሄደች። አሮጊቷ ዳሰስ አድርገው መለሱላት። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ኖሯል።

«ለእኔ ጨርቁም ጠረጴዛውም አንድ ሆኗል። አንቺው ቁረጪው።»

«እኔ አበላሻለሁ፣ ማማ። ያውቁ የለም እንዴ?»

«ምኑን?»

ነገረቻቸው። አሮጊቷ ያን ቀን አጠገቧ ተቀምጠው ነበር፤ ቢያስቡ ቢያስቡ ትዝ አላላቸውም።

«ይሄንን ነው እስከ ዛሬ የምታመነዥኪው? እኔ ያበላሸሁት ጨርቅ ቢደራረብ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ያልፋል። ስሚ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ የጎረቤት ዶሮ ነው። አንዴ ፍርፋሪ ከበተንሽላት ከደጅሽ አትጠፋም። እንዳትመጣ ማድረግ አትችዪም፤ ፍርፋሪውን ግን ተይ።»

ሐሙስ ጠዋት ስምንት ሴቶች አዳራሹ በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። ዛሬ ከእነሱ ሦስቱ ብቻ ናቸው የቀሩት። አካይቲ ጨርቁን አጥፋ መቀሱን ስታነሳ፣ ታበላሺዋለሽ የሚለው ሐሳብ እንደ ልማዱ ከተፍ አለ። ወትሮ ቢሆን ትከራከረው ነበር፣ ወይ ታለቅስ ነበር። አሁን መጣህ እንዴ ብላ በልቧ ተወችውና ዓይኗን ከጨርቁ ሳትነቅል የዳቦ ፍሬ ዛፍ ቅጠል ቅርጽ መቁረጥ ጀመረች።

ግማሽ ላይ ስትደርስ መቀሱ አዳለጣትና የቅጠሉን አገዳ ወጋው። የአጎቷ ልጅ ኡፖኪና መቼም ምላሷ አያርፍም፤

«ወይ ሜሬአና፣ በመሐረብ ልትዳሪ ነው» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። አካይቲን አላልኩሽም የሚለው ሐሳብ መጣባት። መቀሱን ግን አላስቀመጠችም። የተወጋውን ቦታ አየችው። አውራ ጣት ያህላል፤ ከአውራ ጣት አይበልጥም። የቀረው ጨርቅ ሙሉ ነው። ይህን ያህል ዓመት የፈራችው ይህንን ያህል ነገር መሆኑን ስታይ ሳቋ መጣ።

«መሐረቡ የአንቺ ነው፣ ኡፖኪና። በሠርጉ ቀን ታለቅሺበታለሽ» አለችና ቀዳዳውን ጠለቅ አድርጋ ቆረጠችው፣ ዙሪያውን አከበበችው፣ እምቡጥ አደረገችው። ከዚያ እጇ ፈጠነ።

ሁለት ሴቶች ዳርና ዳሩን ይዘው ዘረጉት። ጨርቁ አንድ ነው፤ የትም አልተበጠሰም። ቅጠሎቹ ከመሐል ተነስተው ወደ አራቱ ማዕዘን ወጥተዋል፤ በየአገዳው ሥር በማንም ቤት ያልታየ ትንሽ እምቡጥ አለ። ማማ ቱንጋኔ ጠርዙን በጣታቸው እየተከተሉ ሄደው እምቡጡ ጋ ቆሙ።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«ስቼ ነው፣ ማማ።»

«እንዲህ ነው እንጂ መሳት።»

ኡፖኪና ቀድማ ጠረጴዛውን ትደበድብ ጀመር፤ ሴቶቹ ዘፈኑን ተቀበሏት። አካይቲም በአርባ አምስት ዓመቷ፣ መቀሱን በእጇ እንደያዘች፣ ከበረንዳው እስከ መንገዱ ዳር ወገቧን እያወዛወዘች ጨፈረች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አያት፤ ምን አጠፋሁ አላለችም።

ለስምንት ተካፍለው ሰፍተው ለሠርጉ አደረሱት፤ ቀዩ ቅጠል ሜሬአና ትከሻ ላይ ሲጣል እልልታው ከባሕሩ ማዶ ተሰማ። በማግስቱ ሰኞ ኡፖኪና ሰማያዊ ጨርቅ በብብቷ ይዛ ደጃፏ ቆመች፤ እምቡጧን እንዳትረሺብኝ አለች። አካይቲ ተቀብላ አጠፈችው። ታበላሺዋለሽ የሚለው ሐሳብ አሁንም መጣ። ፍርፋሪ ሳትበትንለት መቀሱን አንስታ ቆረጠችው።