ገላኔ ያልላከችው ፎቶ

የልጅ ልጄ ገላኔ ሮቤ ገበያ አጠገብ ባለ ፎቶ ቤት ትሠራለች። ከየአገሩ ፎቶ እየተቀበለ ወደሚሸጥ የውጭ ድረ ገጽ ሥራዋን ሁለት ጊዜ ልካ ሁለቱንም ጊዜ መለሱባት። አባቷ፣ ልጄ ኢታና፣ «ሦስተኛውም ከተመለሰ ካሜራው ይሸጣል፤ ጎባ ቢሮ ትገቢያለሽ» አላት። እሺ አለች። እኔ ግን ካሜራውን አንገቷ ላይ ስታንጠለጥል ፊቷን አያለሁ፤ ያለ እሱ ምን እንደምትሆን እንጃ።

የመጀመሪያውን ያስመለሰባት ልማድ ነው። የእኛ ሰው ፎቶ ሲነሣ ፊቱ እንዲቀላለት፣ ከጀርባው ፏፏቴ እንዲገባለት ይፈልጋል። ገላኔም እጇ ለምዶ የሳነቴን ተራራ ጭጋግ ሰማያዊ ሰማይ አደረገችው፤ የገበሬዎቹንም ፊት አቀላችው። «ከልክ በላይ ተነካክቷል» ብለው መለሱባት። ሁለተኛው የስንዴ አጨዳ ነበር። ኮምባይነሩ ላይ የፋብሪካው ስም ጎልቶ ይነበባል፤ የድርጅት ስም ያለበት ደግሞ አይሸጥም። ከፎቶዎቹ አንዳንዱም ሲያሰፉት ብዥ ይላል።

ከዚያ ወዲህ አሠራሯን ለወጠች። ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ በሦስት እግር ማቆሚያ ታቆመዋለች። ቤት ስትገባ እያንዳንዱን ፎቶ አስፍታ፣ እኔ ምስር እንደምለቅመው፣ ጥግ ጥጉን ትለቅማለች። ከመረጠቻቸው አሥር አንዱ ከሁሉም በለጠ፤ ጎረቤታችን ኦቦ ጉሉማ በፈረሳቸው ከጭጋግ ሲወጡ። በድረ ገጹ ደንብ ግን ፊቱ የሚለይ ሰው በፊርማው ወይም በጣቱ አሻራ መፍቀድ አለበት።

የፈቃዱን ወረቀትና ፎቶውን ይዘን ወደ ኦቦ ጉሉማ ሄድን። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ዓመቴ ነውና፣ ገላኔ ወደ አማርኛ የመለሰችውን ቀስ እያልኩ፣ በኦሮምኛ እየፈታሁ አነበብኩላቸው።

«ማነው የሚገዛው?» አሉ።

«የፈለገ ሁሉ፣ ኦቦ» አለች ገላኔ።

«ሳሙና ሻጭም?»

«ሳሙና ሻጭም።»

«እንግዲያ ፈረሴን ይውሰዱ። ከእኔ ይልቅ እሱ ይታጠባል» ብለው ሳቁ። ከዚያ ፎቶውን ይዘው ብዙ ቆዩ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ፎቶ አልተነሣሁም። ይሄ ለለቅሶዬ ይሁን፣ ልጄ። ለገበያ አይሁን።»

ፎቶ ቤት አብሯት የሚሠራው ከሊል፣ «የራስሽን አውራ ጣት ቀለም ነክረሽ አትሚበት። ፈረንጅ የማንን ጣት ያውቃል?» አላት። ገላኔ ግን ፎቶውን ሳትነካካ፣ ፊታቸውን ከነሽብሽቡ፣ ከነጠይምነቱ አትማ ለኦቦ ጉሉማ ወሰደችላቸው። በፈንታው ውርጭ ያረፈበት የጅብራ ተክል ፎቶ አስገብታ አሥሩን ላከች።

ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ሦስቱን ተቀበሉ፤ ሰባቱን መለሱ። ኢታና ስልኩን ተቀብሏት ሦስቱን ደጋግሞ አየ።

«የፈረሱስ? እሱ አልነበር የሚያምረው?»

«አልላክሁትም፣ አባዬ። ኦቦ ጉሉማ አልፈቀዱም።»

«ሦስተኛው እንደሆነ እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ።»

ኢታና ስልኩን መለሰላት። «የጎባው ቢሮ ሌላ ሰው ይፈልግ» አለ።