ዋልካ ላይ አይቆምም

ልጄን የዳርኳት በግንቦት ነው። ዝናቡ ግን አላስችል ብሎት በዋዜማው ጣለ። ሱዳን ውስጥ ዶካ አካባቢ ካለችው መንደራችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ ከረጠበ ጎማ ይዞ አይለቅም። ካህናቱ ገዳሪፍ ከተማ ይጠብቁናል፤ ሳንደርስ ቅዳሴ ከገባ የዚያን ቀን ሠርግ የለም።

ጠዋት የሙሽራው መኪና በአበባ አጊጦ መጣና መንደሩ ጫፍ ላይ ሰመጠ። የሚነዳው ሚዜው ነው፤ ካርቱም ተወልዶ ያደገ፣ ጦርነቱ ወደ እኛ ያመጣው ልጅ። ጭቃውን ሲያይ ጊዜ ቆሞ፣ ወርዶ ሊመረምር! ወይ ጉድ፣ ራሴን አየሁት። እኔም ከጎንደር እንደመጣሁ ጭቃ ባየሁ ቁጥር ቆሜ፣ እንደ ሊማሊሞ ልማዴ ከጎማው ሥር የምከተው ድንጋይ ፍለጋ እዞር ነበር። እዚህ አገር ድንጋይ ከየት ይመጣል? ሱዳናዊው አሠሪዬ «ከአገርህ ታስመጣለህ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። «ዋልካ ላይ አይቆምም» ብሎ መንዳትን እንደገና ያስተማረኝም እሱ ነው።

«ልጄ በእኔ ቦክሲ ትሄዳለች» አልኩ። ማሽላ የምጭንበት ፒካፕ ነው።

«ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ፤ አንተኮ የሙሽራ አባት ነህ» አለኝ ሚዜው።

ምን ቆርጦኝ! ጎማዎቹን ትንሽ አስተነፈስኩ። ሙሽሮቹን ከጎኔ፣ ሚዜውን ከኋላ ጫንኩና የቦካውን መንገድ ትቼ የታጨደው የማሽላ ማሳ ውስጥ ገባሁ። መሬት ላይ የቀረው አገዳ ጎማው እንዳይሰምጥ ይደግፋል። ማርሽ አልቀየርኩም፣ ፍሬን አልነካሁም።

እናቷ እንደ ደንቡ ቤት ቀሪ ናት። ግን አላስቻላትም፤ ነጠላዋን እየጎተተች በጭቃው ውስጥ ስትከተለን ልጄ በመስኮት አየቻት።

«አባዬ፣ በእመቤቴ አንዴ ቁም! እማዬን በደንብ አልተሰናበትኳትም!»

ብቆም ግን እዚያው ቀረን።

«አልቆምም!» ብዬ ጮህኩባት። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ነዳጅ እረግጣለሁ።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ሚዜው ከኋላ «ወላሂ፣ ሹፌር ማለት አንተ ነህ!» እያለ ጣራውን ደበደበው። ነኛ! ደረቴን ነፋሁ። ለቅዳሴው ገና ጊዜ ነበረን። ጥግ ይዤ ቆምኩና ወደ ልጄ ዞርኩ።

«በይ አሁን እንደ ልብሽ አልቅሺ፤ እዚህ መቆም ይቻላል።»

አየችኝና ሳቀች። በቬሏ ጫፍ ጉንጬን እየጠረገች፣ «መጀመሪያ አንተ ጨርስ፣ አባዬ» አለችኝ።