ውኃ የጠጣችበት ጀሪካን

ከተማ፣ ቁስቋም ሰፈር ስንኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወገራ በኩል እርጎ የሚያመጡልን አንዲት እናት ነበሩ። እርጎውን ካስረከቡኝ በኋላ ሁልጊዜ ባዶ ዕቃ ይጠይቁኛል። እሳቸው ቤት የሚጣል ነገር የለም፤ የዘይት ጀሪካኑ ተቆርጦ መቅጃ፣ ጣሳው መስፈሪያ፣ የማዳበሪያው ጆንያ ተተርትሮ ገመድ ይሆናል። ያንን እየሰጠሁ ደግ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የምሰጣቸው አጣሁ። ባለቤቴ ቆላ ሰሊጥ ያርሳል፤ ከዚያ ይዞት የመጣ ነጭ ጀሪካን ጓሮ ተጥሎ ነበር። የአረም መድኃኒት የነበረበት ነው። የተለጠፈበትን ወረቀት ልጬ፣ በአመድና በሳሙና ሦስቴ አጥቤ ሰጠኋቸው። ምን እንደነበረበት ግን አልነገርኋቸውም። ባዶ እጃቸውን መሸኘት አሳፍሮኝ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያመጡት እርጎ ግማሽ ነበር። ጥጃቸው ሞታ ላሚቱ አልታለብም እንዳለች ነገሩኝ። ጥጃዋን ውኃ ያጠጧት በምን እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ባንቺው ጀሪካን ነዋ፤ አፉን ቆርጬ ገንዳ አደረግሁላት» አሉ። ቀጥለውም ጥጃዋን የበላት የአንዲት ጎረቤታቸው ዓይን እንደሆነ፣ መንደሩም ያችን ሴት መሸሽ እንደጀመረ አወሩልኝ።

የጀሪካኑን ነገር አላነሣሁም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ ሳልነግራቸው አለፈ። በሦስተኛው፣ ሊነሡ ሲሉ እጃቸውን ይዤ ነገርኋቸው።

«ምነው ያን ዕለት ብትነግሪኝ፣ ልጄ? የሰው ስም አጥፍቻለሁ እኮ» አሉኝ።

የዚያኑ ዕለት አብሬያቸው ወደ መንደራቸው ሄድሁ። ጎረቤታቸው ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅማለች። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ስነግራት ቀና ብላ አላየችኝም።

«ለኔማ አትንገሪኝ፤ እኔ አለመብላቴን አውቃለሁ። ለሚሸሹኝ ሰዎች ነገ ከቅዳሴ ሲወጡ ንገሪልኝ» አለች።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሜ ለወጣው ሰው ሁሉ ተናገርሁ። እርጎ የሚያመጡልን እናትም አጠገቤ ቆመው አለቀሱ። ጥቂቶች «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። አንድ ሽማግሌ ግን፣ ከተሜዋን አባብላ ያመጣቻት ቡዳዋ ራሷ ናት ብለው ሄዱ፤ ብዙዎችም ተከተሏቸው።

ዛሬም ድረስ ያች ጎረቤታቸው ምንጭ የምትወርደው ሌሎቹ ቀድተው ከተመለሱ በኋላ ነው ይሉኛል።