ያልደረቀው የጥፍር ቀለም

የጥፍር ቀለም ሽታ ዛሬም ባለፍሁበት ሁሉ ያስቆመኛል። ባለፈው ሳምንት እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት ፀጉር ቤት ደጃፍ ሲሸተኝ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የሠራሁት ነገር ትዝ ብሎኝ ፊቴ ጋለ።

የዚያን ዓመት ክረምት ታላቅ እህቴ ዝናሽ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ጌታሁን ቻግኒ አስተማሪ ነበርና፣ ከባሕር ዳር ሲመለስ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ የጥፍር ቀለም አመጣላት። ዝናሽም «ለሠርጌ ቀን ነው፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» ብላ ልብስ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ግን ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ባለን ቁጥር ሳጥኑን ከፍቼ፣ ብልቃጧን እየነቀነቅሁ ውስጧ የሚዞረውን ብልጭታ ሳይ እውል ነበር።

ኅዳር ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ድንች ሊቆፍር ሲወጣ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። መጀመሪያ ያሰብሁት አንዲት ጥፍር ብቻ ነበር፤ እሷ ስታምርብኝ አሥሩንም ቀባሁ። እጄን ወደ በሩ ብርሃን ዘርግቼ ሳደንቅ ብልቃጧን በክርኔ ገፋኋትና ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። ደንግጬ የፈሰሰውን በአመድ ጠረግሁ፣ ብልቃጧም የጎደለች እንዳትመስል ከኩራዙ ላምባ ቀንሼ ሞላሁባት። ጥፍሬን በምላጭ ስፍቅ ሁለት ጣቴን ቆረጥሁ። እናቴ ስትጠይቀኝ «ሽንኩርት ስከትፍ ነው» አልኋት፤ እሷም እያመመኝ ወጥ ልሠራ ያሰብሁ መስሏት፣ እየመረቀችኝ በጨርቅ አሰረችልኝ።

ጥር ገብቶ የሠርጉ ዕለት ጓደኛዋ ስትቀባት ቀለሙ አልደርቅ አለ። ዝናሽ ጣቶቿን ዘርግታ እፍ እፍ ስትል ሙሽራውና ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ደረሱ። ተነሥታ ቀሚሷን ሰብሰብ ስታደርግ፣ ነጩ ቀሚስ ወገቡ ላይ ግራጫ ሆኖ ተለቀለቀ። እናቴ የዝናሽን ጣት አሽትታ፣ «ይሄ እኮ ላምባ ላምባ ይላል። ከአሁኑ የተበላሸ ዕቃ ነው እንዴ የሚያመጣላት?» አለች፣ ጌታሁን ደጃፍ ላይ ቆሞ እየሰማ።

እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ ሻጩ አታሎኝ ነው» አላት። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። የቀሚሱን እድፍ ለመከለል ጌታሁን የሙሽራዋን አበባ በራሱ እጅ ወገቧ ላይ ይዞ ዋለ፤ በሠርጉ ፎቶዎች ሁሉ አበባ የያዘው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ለፋሲካ ነጠላ እንኳ ቢያመጣላት ገልብጣ ሳታይ አትቀበለውም ነበር፤ እሱም ገና ሳትጠይቀው ከየት እንደገዛው ማስረዳት ይጀምር ነበር።

አምና እናታችንን ከቀበርን በኋላ ቻግኒ ሄጄ ለሁለቱም ነገርኋቸው። ዝናሽ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጌታሁን ግን ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «እማማ እያሉ ብትነግሪያቸው ጥሩ ነበር» አለኝ።

ያኔ ዝም ያልሁት ዱላ ፈርቼ ነው፣ በዚያች ልጅ ብዙም አልፈርድባትም። ካደግሁ በኋላ ግን የሚመታኝ ሰው አልነበረም። ከእናቴ ጋር ድንች እየላጥን ስናወራ፣ «ጌታሁን መቼም ዕቃ መግዛት አያውቅበትም» ስትለኝ ስንት ክረምት ሙሉ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ዛሬ ይበልጥ የማፍረው በዚህኛው ነው።