በእውቀቱና የእንኮይ ፏፏቴ

ባሌ በእውቀቱ ዘንድሮ ጠበሉ ካላሻለው ከቤት እንደሚወጣ የነገረኝ ቆሞ ነው። ድሮስ ተቀምጦ የሚያወራው ነገር መች አለና! ሃያ ዓመት ሙሉ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ሲያሠራ ኖሮ፣ ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ ማሽኑ ቢጠፋም ጆሮው ውስጥ አልጠፋ ብሎታል። ሲለው ይጮኻል፣ ሲለው ያፏጫል ይላል። ሐኪሙ አየውና «ጆሮህ ደክሟል፣ ልመደው» ብሎ ሰደደው። በእውቀቱ ደግሞ መልመድ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ማሽኑን ለወንድሙ ትቶ ቤት ተቀመጠ ልል ነበር፤ የት ተቀምጦ! በር ላይ ይቆማል፣ ይገባል፣ ይወጣል፣ ጫማውን ያወልቅና መልሶ ያጠልቃል። አንድ ቀን ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሐሙሲት ድረስ በእግሩ ሄደና በማግሥቱ በመኪና ተመለሰ። ምን ልታደርግ ሄድክ ብለው «እንዲያው» አለኝ። እንዲያው ሐሙሲት በእግሩ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ አይናለም ነኝ። ሰፈሩ የሚያውቀኝ በአፌ ነው። እናቴ «ይህችን ልጅ ዝም ያሰኘ ይጸድቃል» ትል ነበር። ለእሱ ብዬ ግን ዝም አልኩ። ዶሮዎቼን ለእህቴ ሰጠሁ። ጎረቤቴን ራሂማን የሱቋን ሬዲዮ ቀንሺልኝ ብላት፣ ደግ ሰው ናት፣ ጭራሽ ዘጋችው። ቤት ውስጥ የምሄደው በእግሬ ጣት ነው። ጆሮው ይረፍለት ብዬ ነው። እሱ ግን ዓይኑ ከበሩ አይነቀልም። እኔን ነው የሰለቸው አልኩ። ለሰው አልተናገርኩም እንጂ አንጀቴ እርር ብሎ ነበር።

እንኮይ ሩፋኤል የሚባለው ጠበል በደብረ ታቦር መንገድ ነው። ከአስፋልቱ ተወርዶ ሁለት ሰዓት በእግር ይኬዳል። ደኑ መሀል ከገደል የሚወርድ ፏፏቴ ነው፣ ሰዉ ከሥሩ ቆሞ ይጠመቃል። ጳጉሜ ሦስት የሩፋኤል ለት ሰማዩ ይከፈታል ይባላልና እኛም እህል ሳንቀምስ ማለዳ ተነሥተን ሄድን። ካልሆነለት እንደሚሄድ አውቃለሁ። መንገዱን ሁሉ ሩፋኤልን የለመንኩት ጆሮውን እንዲፈውስልኝ አልነበረም፤ ሰውየውን እንዲያስቀርልኝ ነበር።

እኛ የፎገራ ሰዎች ጭቃ አያስፈራንም። እንደ እኔ ቀበሌ ቁሐር ሚካኤል ተወልዶ ጭቃ የሚፈራ ካለ አምጡና አሳዩኝ። ግን የእኛ ጭቃ ቢይዝህ ባለህበት ነው የሚይዝህ፣ የደገኛው ጭቃ ይዞህ ይወርዳል። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መንገዱ ሙልጭልጭ ብሏል። ሥሩ ያደናቅፋል፣ ሳማው ይለበልባል፣ ጅረቱን የምንሻገርበት ግንድ በእግራችን ሥር ይንከባለላል። ትንንሾቹ ፏፏቴዎች በየጥጉ ይወርዳሉ፣ አንዱን አልፌ ትንፋሼ ሳይመለስ ሌላው ይመጣል። በእውቀቱን እረፍ ብለው አያርፍ፣ ጠብቀኝ ብለው አይጠብቅ። ጀርባውን እያየሁ ነው የወጣሁት።

እኩል መንገድ ላይ ናዳ ወርዶ የሰው መንገድ ተዘግቷል። በግራ ድንጋዩን ቧጥጠው የሚወጡበት ቀጭን መተላለፊያ ይታያል። በቀኝ ደግሞ ከብት የረገጠው ሰፊ ዱካ አለ።

«በከብቱ እንሂድ» አለ በእውቀቱ። «ከብት የሚያሰምጠውን ያውቃል።»

እውነቱን ነው። በእኛ አገር ክረምት ሜዳው ውሃ ሲለብስ ከብት የረገጠውን ርገጥ እየተባልን ነው ያደግን፤ ያን ሰምቶ የሰመጠ የለም። እኔም ጎበዝ ብዬ ተከተልኩ። የደገኛ ከብት ወደ ገደል አፍ ወርዶ ውሃ እንደሚጠጣ ማን ነግሮን!

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን ዛፉ ድንገት አለቀ። ወንዙ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ላይ ይተኛል፣ ከብቶች ዳር ዳሩን ይጠጣሉ፣ ከድንጋዩ ወዲያ ግን ምንም የለም፣ ሰማይ ብቻ። ከሥር የዕጣን ሽታ ሽው ይላል። የመጣነው ጠበሉ ጋ ሳይሆን ጠበሉ አናት ላይ ነው። በእውቀቱ ቀድሞኝ ድንጋዩ ላይ ወጥቷል። ድንጋዩን የለበሰው ሙልጭልጭ አረንጓዴ ሽበት እግሩን ሸርተት ሲያደርገው አየሁ። ከጫፉ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«በእውቀቱ! ተመለስ! ኧረ በሩፋኤል!»

ማን ይስማ፤ ውሃው ድምፄን ዋጠው። ዓይኑን ጨፍኗል። ራሱን ሊጥል ነው አልኩ። እውነቴን ነው፣ ሌላ አልታሰበኝም። በደረቴ ተኝቼ፣ ቀሚሴ በውሃ ርሶ፣ እየተሳብኩ ሄጄ ቀበቶውን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት። ላዬ ላይ ወደቀ። አፉን ጆሮዬ ላይ አድርጎ ጮኸ፦

«ጠፋ! አይናለም፣ ጠፋ! ምንም አይሰማኝም!»

ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ። ከብቶቹ መሀል ተንፏቀን ሄደን ተቀመጥን። በእውቀቱ ተቀመጠ! ሳይነሣ፣ ሳይቁነጠነጥ፣ እጁን ጭኔ ላይ ጥሎ ብዙ ቆየ። እልል አልኩ፣ እልልታዬን ግን እኔም አልሰማሁት።

ከዚያ ወደ ናዳው ተመልሰን በግራው መተላለፊያ ዞረን ወረድን፤ ጫማችንን አውልቀን ተጠመቅን። ቄስ ተክለ ማርያም ሲያጠምቁን አላስችል ብሎኝ «አባ፣ ባሌ ዳነልኝ!» ብላቸው «ተመስገን በይ፣ ቤትሽ ስትገቢ ደግሞ ያን ጊዜም ተመስገን በይ» አሉኝ። ምነው እንዲህ አሉኝ ብዬ ቅር አለኝ።

ስንመለስ፣ መንገዱ ታጥፎ የፏፏቴው ድምፅ ከሚደክምበት ቦታ ላይ በእውቀቱ ቆመ። አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ሲመጣ ፊቱ አመድ ሆኗል።

«መጣ» አለኝ። «አንቺ ሂጂ። እኔ እዚሁ ጠበሉ ጋ ልቅር።»

ያን ጊዜ የሁለት ዓመቱ ሁሉ ገነፈለ። «እኔ ነኝ የሰለቸሁህ! ጆሮህ አይደለም፣ እኔ ነኝ! ዶሮዎቼን የሰጠሁ ለማን ብዬ ነው? ራሂማ ሬዲዮዋን የዘጋች ለማን ብላ ነው? በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ በጣቴ ስሄድ፣ ጎረቤት አይናለም ምን ነካት፣ ዲዳ ሆነች እንዴ ሲል…» ደኑ እስኪያስተጋባ ጮኽኩ። እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማኛል። ለትንፋሽ ቆም ስል፦

«ቀጥይ» አለኝ።

«ምኑን ነው የምቀጥል?»

«ስታወሪ ይርቅልኛል። ቤቱ ዝም ሲል ነው የሚገድለኝ፣ አይናለም። ዝም ባለ ቤት ውስጥ እሱ ብቻውን ይጮኻል።»

የዛፍ ሥር ላይ ቁጭ አልኩ። «ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ለእኔ ብለሽ አፍሽን ይዘሽ እያየሁ በምን አፌ ልንገርሽ? ጡር አይሆንብኝም?»

ላንቀው ፈለግኩ፣ ላቅፈውም ፈለግኩ። በዝምታዬ ነው እንግዲህ ከቤት ላስወጣው የነበር! አቀፍኩትና ወሬዬን ያዝኩ። የእህቴን ልጅ ሠርግ፣ የጎረቤታችንን የታደለን የጠፋ በሬ፣ የዕድሩን ጠብ፣ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩትን ሁሉ በዚያ ጭቃ እየተንሸራተትን አወራሁለት። ሚኒባስ ላይም ወጥቼ አላቆምኩም። መኪናው ብዙ ሳይሄድ ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። እንቅልፍ ወስዶታል። ብተው ይነቃል ብዬ ፈራሁ።

ወረታ ልንገባ ስንል አጠገባችን የተቀመጠችው ሴት ትዕግሥቷ አለቀ።

«እቴ፣ ሰውየው ተኝቷል እኮ! ለማን ነው የምታወሪው?»

«ለእሱ» አልኳትና ወሬዬን ቀጠልኩ።