ባለቤት የሌላቸው ፋይሎች

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን ያሳለፍኩት ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ ባለ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ባለው መዝገብ ቤት ነው። የተቀጠርኩት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዛግብታቸውን እንዴት እንደሚይዙና እንደሚያስወግዱ በሚቆጣጠር ገለልተኛ ተቋም ነበር። ማዕረጌ «የመዛግብት ቁጥጥር ባለሙያ» ይባላል። በተግባር ግን ሰው የማይወደውን ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ይህ ፋይል የት ነው? ማን አወጣው? ለምን አልተመለሰም?

አለቃዬ አቶ ግርማ ከመውጣቴ በፊት አንድ ምክር ብቻ ሰጡኝ።

«የምትቆጣጠሪበት ቤት ምሳ አትብዪ። እንብላ ካሉሽ በልቻለሁ በይ።»

«ሻይስ?»

«ሻይም ያው ነው።»

በምሳ ሰዓት የመዝገብ ቤቱ ሴቶች ጠረጴዛ ገጥመው ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ። «ነይ እንጂ፣ እንብላ!» አሉኝ። «በልቻለሁ» አልኩ። ይሄኔ ሆዴ ጮኸ፤ ሁሉም ሰሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «በልቻለሁ» ሆነ። ወሬው ከቢሮ ቢሮ ተዛመተና የትም ስሄድ «በልቻለሁ መጣች» ሲባባሉ እሰማለሁ። በእኛ አገር ቢሮ «በላ» የሚባለው ምን ያደረገ ሰው እንደሆነ የምታውቁ ቀልዱ ይገባችኋል። እኔ ግን ዳቦና ሙዝ ገዝቼ ከመንገድ ማዶ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር የምበላው። ቤቴም ስገባ የሚጠብቀኝ አልነበረም። ሰው የሚያወራው ከሥራው ባልደረቦች ጋር ነው፤ እኔ ስገባ ደግሞ ወሬ ይቆማል። ብቸኝነቱ ከሥራው ይልቅ ያደክም ነበር።

ሙሉ ብቻ ነበረች የማትፈራኝ። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ያለ የአንድ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ናት። «እህሳ በልቻለሁ፣ ዛሬ ምን በላሽ?» ትለኛለች። «አቧራ» እላታለሁ። ትስቃለች። እሷ ጋ ለቁጥጥር የምሄድበትን ቀን በጉጉት እጠብቅ ነበር።

አንድ ጠዋት እዚያው ጽሕፈት ቤት የተጠራሁት ፋይል ለማስወገድ ነው። የቤት ይዞታ ፋይሎች ወደ ኮምፒዩተር ተዛውረዋል። ኮምፒዩተሩ በፋይሉ ላይ ያለውን ስም ከነዋሪዎች መዝገብ ጋር አመሳክሮ፣ ያልገጠመለትን «ባለቤት የሌለው» ብሎ ለይቷል። እነዚያ ፋይሎች በጆንያ ታስረው መኪና ላይ ተጭነዋል፤ ወረቀት ወደሚፈጭበት ሊሄዱ ነው። ያለ ተቋማችን ፊርማ ግን መንቀሳቀስ አይችሉም።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት እናት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቦሌ ሚካኤል ጨርቅ የሚሸጡ፣ የወሎ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ የዚህ ቤት ሰው ነሽ?»

«አይደለሁም እማማ። ተቆጣጣሪ ነኝ።»

«እሰይ፤ እንግዲያው ተቆጣጠሪልኝ። ልጆቼን ለወለድኩበት ቤት ፋይል የለሽም አሉኝ። ፋይል ከሌለሽ ቤቱ ያንቺ አይደለም እያሉኝ ነው።»

የባለጉዳይ አቤቱታ መቀበል ሥልጣኔ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። እውነት ነው፤ ግን ከአፌ ሲወጣ ራሴን አስጠላኝ። መታወቂያቸውን አሳዩኝ። ሐያት ይላል፣ በሐመሩ ሐ።

ገብቼ የሚወገዱትን ፋይሎች ዝርዝር በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። በ«መ»፣ በ«በ»፣ በ«ከ» የሚጀምሩ ስሞች ጥቂት ናቸው። ኃይሉ፣ ሠናይት፣ ፀጋዬ፣ ዓለሙ ግን ተደርድረዋል። መካከላቸው ኃያት አለ፤ በብዙኃኑ ኀ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ፋይሉን የከፈተው ጸሐፊ በአንዱ ጻፈ፤ መታወቂያውን ያተመው በሌላው። ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ፋይላቸው መኪና ላይ ተጭኗል።

ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለአቶ ደረጀ የሴትዮዋን ነገር አስረድቼ አልፈርምም አልኳቸው።

«ኮምፒዩተሩ አጣርቶታል እኮ።»

«ኮምፒዩተሩ ፊደል አልቆጠረም፣ አቶ ደረጀ።»

«ለአንዲት ሴትዮ ብለው ሥራ ሊያስቆሙ ነው?»

«ሌሎችም አሉ። ጆንያዎቹ ይውረዱልኝ።»

ማንም አልተነቃነቀም። ሙሉ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አለቃዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ነጠላዋን አስቀምጣ ወደ መኪናው ሄደች። ሌሎቹ ተከተሏት። እስከ ከሰዓት ጆንያ ስንፈታ ዋልን። ፋይሉን ያገኘችው ራሷ ሙሉ ናት። አምጥታ ወንበሩ ላይ ላሉት እናት ገልጣ አሳየቻቸው፤ የሟች ባላቸውን የጣት አሻራ ሲያዩ አለቀሱ።

«ስምሽን ማን ልበል ልጄ? ዱዓ ላደርግልሽ ነው» አሉኝ።

ነገርኳቸው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስሜን የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

በሪፖርቴ ላይ ስሕተቱ የማመሳከሪያው ዘዴ እንጂ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኞች አይደለም ብዬ ጻፍኩ። ማስወገዱም ቆመ፤ ስሞቹ በሁሉም ፊደል እንደገና እንዲፈለጉ ተወሰነ። ይሁንና የጽሕፈት ቤቱ አለቆች አንድ ሰው መውቀስ ነበረባቸው። ሙሉን ፋይል ወደሌለበት የእንግዳ መቀበያ አዛወሯት። ተቃውሜ ጻፍኩ። «የውስጥ አሠራር ነው» የሚል አጭር መልስ መጣልኝ። እውነትም የሠራተኛ ዝውውር የእኛ ሥልጣን አልነበረም።

ከወራት በኋላ ሳሊተ ምሕረት ታክሲ ሰልፍ ላይ አየኋት። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«ሙሉ!»

ዞር አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። «ደህና ነዎት?» አለችኝ።

ዕድሜዬን ሳትቆጥር አንቺ ስትለኝ የኖረች ሴት «ነዎት» ስትለኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና የመጣው ታክሲ ውስጥ ገባች። ታክሲው ውስጥ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ነበር፤ ረዳቱ ቢጠራኝም አሳለፍኩት።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አዳዲስ ባለሙያዎች አንዳንዴ ደውለው ምክር ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ይህንን ነው፦ ፋይል ፈልጋችሁ ስታጡ «አላገኘሁትም» ብላችሁ ጻፉ እንጂ «የለም» አትበሉ። የለም የተባለን ነገር ማንም ተመልሶ አይፈልገውም።